የዋትስአፕ ለፌስቡክ ሽያጭ ድርድር

የዋትስአፕ ለፌስቡክ ሽያጭ ድርድር የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ የሆነውን ዋትስአፕን የሠራው ጀማሪ ኩባንያ (ስታርትአፕ) በ2014 እ.ኤ.አ. ለፌስቡክ የተሸጠበት ድርድር ነው። ፌስቡክ ከ2021 ጀምሮ ሜታ ይባላል። ስምምነቱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2014 (የካቲት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.) ይፋ ሆነ፤ ሽያጩም ኦክቶበር 6 ቀን 2014 (መስከረም 26 ቀን 2007 ዓ.ም.) ተጠናቀቀ። ዋጋው ይፋ ሲሆን 19 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። በፌስቡክ አክሲዮን ዋጋ መጨመር ምክንያት ሲጠናቀቅ ወደ 21.8 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። በወቅቱ ዋትስአፕ የነበሩት ሠራተኞች 55 ብቻ ነበሩ።

ሽያጩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በዋጋው ትልቅነት ነው። ሆኖም ስለ ጀማሪ ኩባንያ ሽያጭ ለሚያጠና ሰው ከዋጋው ይልቅ ሌሎቹ የውሉ ነጥቦች የበለጠ ያስተምራሉ። በዋጋው ላይ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ነበር። ከሽያጩ በኋላ ለዓመታት ያከራከረው ግን ዋትስአፕ በምን መንገድ ገንዘብ ያገኛል፣ የተጠቃሚዎቹስ መረጃ ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ዋትስአፕን በ2009 የመሠረቱት ጃን ኩም እና ብራያን አክተን ናቸው። ኩም በ1976 በዩክሬን ተወልዶ በ16 ዓመቱ ከእናቱና ከአያቱ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው ከተማ ተሰደደ። ቤተሰቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንግሥት ለድሆች በሚሰጠው የምግብ ኩፖን ይረዳ ነበር። አክተን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ የተማረ አሜሪካዊ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት ያሁ ውስጥ ሲሆን ለዓመታት አብረው ሠርተው በ2007 ለቀቁ። በ2009 አክተን ፌስቡክ ውስጥ ሥራ ጠይቆ ሳይቀጠር ቀርቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ እሱ በመሠረተው ድርጅት ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከፈለ።

መሥራቾቹ በያሁ ቆይታቸው የማስታወቂያ ሥራን ከውስጥ ስላዩት ዋትስአፕ ያለ ማስታወቂያ እንዲሠራ ወሰኑ። አክተን ማስታወቂያ፣ ጨዋታና ማታለያ እንደማይኖር የሚገልጽ ማስታወሻ በእጁ ጽፎ ለኩም ሰጥቶት ነበር፤ ኩምም በሥራ ጠረጴዛው ላይ ያኖረው ነበር። የኩባንያው ገቢ አንድ ዶላር ከማይሞላ የዓመት ክፍያ የሚመጣ ሲሆን ብዙ ተጠቃሚዎች የመጀመሪያውን ዓመት በነጻ ይጠቀሙ ነበር።

ዋትስአፕ የተስፋፋው የስልክ አጭር መልእክት፣ በተለይም ድንበር የሚሻገር ከሆነ፣ ውድ በነበረባቸው አገሮች ነው። ሕንድ፣ ብራዚልና ሜክሲኮ ዋና ገበያዎቹ ነበሩ። ከአገራቸው ርቀው ለሚሠሩ ሰዎች፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ከቤተሰብ ጋር የመገናኛ መንገድ ሆኗል። በፌብሩዋሪ 2014 በወር 450 ሚሊዮን ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ ከእነዚህም 70 በመቶ የሚሆኑት በየቀኑ ይገቡ ነበር። በቀን አንድ ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ተጠቃሚዎችም ይመዘገቡ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት መሐንዲሶች 32 ብቻ ነበሩ።

የኩባንያው የገንዘብ ታሪክ ለድርድሩ ጠቃሚ ነው። አክተን በ2009 ከቀድሞ የያሁ ባልደረቦች 250,000 ዶላር ሰበሰበ። በ2011 ሴኮያ ካፒታል የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ይኸው ድርጅት በ2013 ሌላ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲጨምር የኩባንያው ግምት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ብዙ ጀማሪ ኩባንያዎች በየዙሩ አዳዲስ ባለሀብቶችን ያስገባሉ። እያንዳንዱ ባለሀብት የየራሱ መብትና የጊዜ ገደብ ስለሚኖረው የሽያጭ ውሳኔው ከመሥራቾቹ እጅ ይወጣል። ዋትስአፕ ግን አንድ ትልቅ ባለሀብት ብቻ ስለነበረው፣ መሥራቾቹም ከፍተኛውን ድርሻ ይዘው ስለቆዩ፣ ድርድሩን የመሩት ራሳቸው ነበሩ። ለመሸጥ የሚያስገድድ የገንዘብ ችግርም አልነበረባቸውም።

የገዢው ፍላጎት

በ2012 እና በ2013 ሰዎች ከኮምፒዩተር ወደ ዘመናዊ ስልክ እየተሸጋገሩ ነበር። ፌስቡክ ሜሴንጀር የተባለ የራሱ የመልእክት መተግበሪያ ቢኖረውም ከአሜሪካ ውጭ በብዙ አገሮች ዋትስአፕ ቀድሞት ነበር። መልእክት የሚለዋወጥበትን መተግበሪያ የያዘ ኩባንያ ፎቶ፣ ቡድንና ዜና ጨምሮ የራሱን ማኅበራዊ መረብ ሊገነባ ይችላል የሚል ስጋትም ነበር።

ፌስቡክ ስለ ተፎካካሪው ጥሩ መረጃ ነበረው። ኦናቮ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ለስልክ ተጠቃሚዎች የዳታ ፍጆታ መቆጠቢያ መተግበሪያ ያቀርብ ነበር። በዚሁ መንገድ ሰዎች የትኛውን መተግበሪያ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ያውቃል። ፌስቡክ ኦናቮን በ2013 ገዛው። የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ በዲሴምበር 2018 ያወጣቸው የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ የኩባንያው ኃላፊዎች ከሽያጩ አስቀድሞ የዋትስአፕን አጠቃቀም ከሜሴንጀር ጋር የሚያነጻጽር የኦናቮ ሰንጠረዥ ይመለከቱ ነበር። በሽያጭ ድርድር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዕቃው የበለጠ የሚያውቀው ሻጩ ነው። በዚህ ድርድር ግን ገዢውም የሻጩን ዕድገት ከውጭ ሆኖ መለካት ችሎ ነበር።

የድርድሩ ሂደት

የፎርብስ መጽሔት በ2014 እንደዘገበው የፌስቡክ ዋና ሥራ አስኪያጅ ማርክ ዙከርበርግ ለኩም በመጀመሪያ የጻፈለት በ2012 ጸደይ ነው። ከወር ገደማ በኋላ ሎስ አልቶስ ከተማ በሚገኝ የጀርመን ዳቦ ቤት ቡና ጠጡ። ዙከርበርግ ሁለቱን ኩባንያዎች ስለማቀናጀት ቢያነሳም ኩም ሐሳቡን አልተቀበለም። ሆኖም ግንኙነታቸው አልተቋረጠም። በቀጣዩ ጊዜ ሁሉ አልፎ አልፎ እራት እየበሉና በእግር እየተጓዙ ይነጋገሩ ነበር።

ዋናው ድርድር የተካሄደው በፌብሩዋሪ 2014 ነው፦

• ፌብሩዋሪ 9፦ ዙከርበርግ ኩምን እቤቱ እራት ጋብዞ ኩባንያዎቹ እንዲቀናጁ ሐሳብ አቀረበ። ለኩም በፌስቡክ የዳይሬክተሮች ቦርድ ውስጥ መቀመጫ እንደሚሰጠውም ነገረው።
• ከፌብሩዋሪ 9 እስከ 14፦ ኩም ከአክተን ጋር መከረ፤ በዋጋው ላይም ንግግር ተካሄደ።
• ፌብሩዋሪ 14፦ በፍቅረኞች ቀን ምሽት ኩም ወደ ዙከርበርግ ቤት ሄዶ በዋጋውና በዋና ዋና ነጥቦች ላይ ተስማሙ።
• ፌብሩዋሪ 19፦ ውሉ ተፈረመ፤ በዚያው ቀንም ለሕዝብ ተነገረ።

ፌስቡክን የባንክ አማካሪ ሆኖ ያገለገለው አለን ኤንድ ካምፓኒ ሲሆን ዋትስአፕን ያማከረው ሞርጋን ስታንሊ ነው። መሥራቾቹ ፊርማቸውን ያኖሩት ማውንቴን ቪው በሚገኝ ባዶ ሕንጻ በር ላይ ነበር። ሕንጻው ኩም በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ለምግብ ኩፖን ተሰልፎበት የነበረው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ነው።

አሥር ቀን ለእንዲህ ዓይነት ሽያጭ በጣም አጭር ጊዜ ነው። በተለመደው አሠራር ሁለቱ ወገኖች መጀመሪያ ዋና ነጥቦቹን የያዘ አጭር የፍላጎት መግለጫ ይፈርማሉ። ቀጥሎ ገዢው የሻጩን ሒሳብ፣ ውሎች፣ የሠራተኛ ጉዳዮች፣ የሶፍትዌሩን ኮድና የባለቤትነት መብት ይመረምራል። ዋናው ውል የሚፈረመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን ወራት ሊወስድ ይችላል። የዋትስአፕ ድርድር የፈጠነው ውሳኔ ሰጪዎቹ ጥቂት ስለነበሩ፣ ኩባንያው ትንሽና ሒሳቡም ቀላል ስለነበር፣ ሁለቱ ወገኖች ደግሞ ለሁለት ዓመት ያህል ስለተዋወቁ ነው።

የክፍያው አወቃቀር

በውሉ መሠረት 19 ቢሊዮን ዶላሩ በሦስት ይከፈላል፦

• 4 ቢሊዮን ዶላር በጥሬ ገንዘብ፤
• 183,865,778 የፌስቡክ አክሲዮኖች፤ በወቅቱ 12 ቢሊዮን ዶላር ያወጡ ነበር፤
• 45,966,444 ገደብ ያለባቸው አክሲዮኖች፤ በወቅቱ 3 ቢሊዮን ዶላር ያወጡ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ለመሥራቾቹና ለሠራተኞቹ የተመደበ ሲሆን የሚለቀቀው በአራት ዓመት ውስጥ በየጊዜው ነው። ከዚያ በፊት ሥራውን የለቀቀ ሰው ያልተለቀቀለትን ድርሻ ያጣል። ገዢዎች ይህን የሚያደርጉት የሚገዙት ነገር ኮድና የደንበኛ ዝርዝር ብቻ ስላልሆነ ነው። ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች በማግሥቱ ከወጡ የተገዛው ኩባንያ ዋጋ ይቀንሳል።

በጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን መካከል ያለው ልዩነት አደጋውን ማን እንደሚሸከም ይወስናል። በዚህ ውል የተወሰነው የአክሲዮኖቹ ቁጥር ነው እንጂ የዶላር መጠናቸው አልነበረም። ለስሌቱ የተወሰደው የአንድ አክሲዮን ዋጋ 65.265 ዶላር ሲሆን፣ ሽያጩ በተጠናቀቀበት ጊዜ 77.56 ዶላር ደርሶ ነበር። ስለዚህ ሻጮቹ ምንም ተጨማሪ ድርድር ሳያደርጉ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ጨመረላቸው።

ተቃራኒው የደረሰው በኢንስታግራም ላይ ነው። ፌስቡክ በኤፕሪል 2012 ኢንስታግራምን ለመግዛት በ1 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ቀሪው ወደ 23 ሚሊዮን የሚጠጋ አክሲዮን ነበር። ፌስቡክ በግንቦት ወር ወደ አክሲዮን ገበያ ከገባ በኋላ የአክሲዮኑ ዋጋ ስለወደቀ፣ ሽያጩ በሴፕቴምበር ሲጠናቀቅ የክፍያው ጠቅላላ ዋጋ ከ750 ሚሊዮን ዶላር በታች ሆነ።

ዋጋው በምን ተለካ

ዋትስአፕ በ2013 ያገኘው ገቢ 10.2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሲሆን በዓመቱ 138 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳራ አስመዝግቧል። የኪሳራው ትልቁ ክፍል ለሠራተኞች ከተሰጠ አክሲዮን የመጣ ነው። እንደ ተራ ንግድ ቢታይ 19 ቢሊዮን ዶላር ከዓመቱ ገቢ 1,800 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ዋጋው ከገቢ አልተነሳም።

በወቅቱ ብዙ ተንታኞች ዋጋውን በተጠቃሚ ቁጥር አካፍለውታል። 19 ቢሊዮን ዶላር ለ450 ሚሊዮን ተጠቃሚ ሲካፈል ለአንድ ሰው 42 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ሌላው መለኪያ ገዢው ባይገዛ የሚያጣው ነገር ነው። ዋትስአፕ ብቻውን ቢያድግ ወይም በሌላ ትልቅ ኩባንያ ቢገዛ የፌስቡክ ዋና ንግድ ሊጎዳ ይችል ነበር። ይህ ጉዳት ለፌስቡክ ከሌሎች ገዢዎች የበለጠ ስለነበር ከፍተኛ ዋጋ ሊከፍል ችሏል።

የፌስቡክ የሒሳብ መዝገብም ይህንኑ ያሳያል። ከሽያጩ በኋላ ኩባንያው የግዢውን ወጪ በየዘርፉ ሲመዘግብ ለተጠቃሚዎቹ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለንግድ ስሙ 448 ሚሊዮን ዶላር፣ ለቴክኖሎጂው ደግሞ 288 ሚሊዮን ዶላር ግምት ሰጠ። 15.3 ቢሊዮን ዶላር የተመዘገበው ግን ጉድዊል በሚባለው መደብ ነው። ጉድዊል ተለይቶ ሊቆጠር በሚችል ንብረት ላይ ያልተመደበ የግዢ ወጪ ሲሆን ገዢው ወደፊት አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቀውን ጥቅም ያመለክታል። የሶፍትዌሩ ግምት ከጠቅላላው ወጪ ሁለት በመቶ እንኳ አልሞላም።

ሌሎች የውሉ ነጥቦች

ነጻነት። ይፋ በሆነው ስምምነት መሠረት የዋትስአፕ ስም ይቀጥላል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በማውንቴን ቪው ይቆያል፤ ዋትስአፕና ሜሴንጀርም ተለያይተው ይሠራሉ። ኩም የፌስቡክ ቦርድ አባል ይሆናል። መሥራቾቹ የአገልግሎቱ ባሕርይ እንደማይለወጥና ማስታወቂያ እንደማይገባ ለተጠቃሚዎች አስታወቁ።

የማፍረሻ ክፍያ። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ባለመፍቀዳቸው ሽያጩ ቢፈርስ ፌስቡክ ለዋትስአፕ 1 ቢሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብና 1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን እንዲከፍል ውሉ ያስገድድ ነበር። ይህ ነጥብ ሻጩን ይጠብቃል። ሽያጩ ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት ያልፋሉ፤ ሠራተኞች ይለቃሉ፤ ተፎካካሪዎች ይቀድማሉ። ፈቃዱ ከተከለከለ ሻጩ ተዳክሞ ይቀራል። አዶቢ ፊግማ የተባለውን ኩባንያ በ20 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በ2022 የተዋዋለው ውል በዲሴምበር 2023 በተቆጣጣሪዎች ተቃውሞ ሲፈርስ፣ አዶቢ 1 ቢሊዮን ዶላር ለፊግማ የከፈለው በእንዲህ ያለ አንቀጽ ነው።

ስለ ገቢ የተጻፈው አንቀጽ። አክተን በ2018 ለፎርብስ እንደገለጸው፣ ፌስቡክ ያለ መሥራቾቹ ፈቃድ ከዋትስአፕ ገንዘብ የማግኘት ሥራ ተግባራዊ ማድረግ ከጀመረ የመሥራቾቹ ገደብ ያለባቸው አክሲዮኖች ሁሉ ወዲያው እንዲለቀቁላቸው የሚያዝ አንቀጽ ነበር። መሥራቾቹ ማስታወቂያን ለመከላከል የያዙት ዋናው መሣሪያ ይህ ነው። አንቀጹ ግን ማስታወቂያን አይከለክልም። ማስታወቂያው ቢመጣ ለመሥራቾቹ ገንዘባቸውን ይዘው የመውጣት መብት ይሰጣል እንጂ።

የተቆጣጣሪዎች ፈቃድ

በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሽያጩ እንዲቀጥል ፈቀደ። በኤፕሪል 2014 የተጠቃሚዎች ጥበቃ ክፍሉ ለሁለቱም ኩባንያዎች በጻፈው ደብዳቤ፣ ዋትስአፕ ስለ ግል መረጃ ለተጠቃሚዎቹ የገባው ቃል ከሽያጩ በኋላም እንደሚያስገድድ አሳሰበ።

በኤውሮጳ ሕብረት የነበረው ሁኔታ ለየት ያለ ነው። የሕብረቱ የውሕደት ሕግ ኮሚሽኑ የሚመረምረውን ሽያጭ የሚለየው በኩባንያዎቹ ዓመታዊ ገቢ ነው። የዋትስአፕ ገቢ እጅግ ትንሽ ስለነበር ሽያጩ ከመስፈርቱ በታች ሆነ። ጉዳዩ ወደ ኤውሮጳ ኮሚሽን የቀረበው በሦስት አባል አገሮች መመርመር ስለነበረበትና ፌስቡክ ራሱ አንድ መርማሪ እንዲያየው ስለጠየቀ ነው። ኮሚሽኑ ኦክቶበር 3 ቀን 2014 ያለ ቅድመ ሁኔታ ፈቀደ። በምርመራው ወቅት ፌስቡክ የሁለቱን አገልግሎቶች የተጠቃሚ መለያዎች በራስ ሰር አስተማማኝ በሆነ መንገድ ማዛመድ እንደማይችል ለኮሚሽኑ ገልጾ ነበር። ሽያጩ ከሦስት ቀን በኋላ ተጠናቀቀ።

ከሽያጩ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋትስአፕ በእርግጥ ነጻ ሆኖ ቆየ። በጃንዋሪ 2016 የዓመት ክፍያው ተነሳ። በኤፕሪል 2016 መልእክቶች ሁሉ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነባቸው ተደርገው መመስጠር ጀመሩ። ክፍያው ሲነሳ ግን አስቀድሞ የነበረው የገቢ ምንጭም አብሮ ቀረ።

በኦገስት 2016 ዋትስአፕ የግል መረጃ ፖሊሲውን ቀይሮ የተጠቃሚዎችን ስልክ ቁጥር ጨምሮ አንዳንድ መረጃዎችን ለፌስቡክ እንደሚያጋራ አስታወቀ። በ2014 አይቻልም የተባለው ማዛመድ ተቻለ ማለት ነው። ሜይ 18 ቀን 2017 የኤውሮጳ ኮሚሽን ፌስቡክን በምርመራው ጊዜ አሳሳች መረጃ ሰጥተሃል ብሎ 110 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ኮሚሽኑ እንዳለው የፌስቡክ ሠራተኞች ማዛመድ እንደሚቻል በ2014 ያውቁ ነበር። ሆኖም ቅጣቱ ፈቃዱን አልሰረዘም። በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን፣ ዋትስአፕ መረጃ ለማንና እንዴት እንደሚያጋራ ለተጠቃሚዎች በግልጽ አላሳወቀም በማለት 225 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል።

አክተን በ2017 ኩባንያውን ለቀቀ። እንደ ፎርብስ ዘገባ አለመግባባቱ የመጣው ፌስቡክ በዋትስአፕ ላይ ማስታወቂያ ለማስገባትና ለንግድ ድርጅቶች መሣሪያ ለመሸጥ በማቀዱ ነው። አክተን በምትኩ ከነጻ መጠን በላይ የላከ ተጠቃሚ ጥቂት ሳንቲም የሚከፍልበትን መንገድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ተቀባይነት ግን አላገኘም። ሲለቅ ከላይ የተጠቀሰውን አንቀጽ በማንሳት ያልተለቀቁለት አክሲዮኖች እንዲሰጡት ጠየቀ። የፌስቡክ የሕግ ክፍል ግን ኩባንያው የገቢ መንገዶችን እያጠና ነው እንጂ ተግባራዊ ማድረግ አልጀመረም የሚል መልስ ሰጠ። አክተን ክርክሩን ሳይገፋበት 850 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ አክሲዮን ትቶ ወጣ።

በፌብሩዋሪ 2018 አክተን በ50 ሚሊዮን ዶላር የሲግናል ፋውንዴሽንን አቋቋመ። ሲግናል ያለ ማስታወቂያ የሚሠራ የመልእክት መተግበሪያ ሲሆን ድርጅቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ስለሆነ እንደ ተራ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች የሉትም። አክተን በዚያው ዓመት በሰጠው ቃለ ምልልስ የተጠቃሚዎቹን የግል መረጃ ጥበቃ መሸጡን ራሱ አምኗል። በፌስቡክ በኩል የኩባንያው ኃላፊ ዴቪድ ማርከስ ባወጣው መልስ ዙከርበርግ ለዋትስአፕ ከሌሎች የተለየ ነጻነት መስጠቱንና ምስጠራውን መደገፉን በመግለጽ ወቀሳውን አልተቀበለም። ኩምም ኤፕሪል 30 ቀን 2018 ኩባንያውን እንደሚለቅ አስታወቀ።

የተጠቃሚዎቹ ቁጥር በ2020 ሁለት ቢሊዮን፣ በ2025 ደግሞ ከሦስት ቢሊዮን በላይ ደርሷል። ሜታ በጁን 2025 በዋትስአፕ የዝማኔዎች ገጽ ላይ ማስታወቂያ እንደሚያስገባ ይፋ አደረገ። ይህ የሆነው ውሉ ከተፈረመ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

የፍርድ ቤት ክርክር

በዲሴምበር 2020 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፌስቡክን ከሰሰ። ክሱ ኩባንያው ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን የገዛው ተፎካካሪ እንዳይሆኑበት ነው የሚል ሲሆን ሁለቱ እንዲነጠሉ ይጠይቅ ነበር። ሽያጮቹን ቀድሞ የፈቀደው ይኸው መሥሪያ ቤት ነበር። ችሎቱ በኤፕሪል 2025 ተጀመረ። ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ ለሜታ ፈረዱ። በውሳኔው መሠረት እንደ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያሉ ተፎካካሪዎች ስላሉ ኮሚሽኑ ሜታ በአሁኑ ጊዜ ገበያውን በብቸኝነት መያዙን ማስረዳት አልቻለም።

ከሌሎች ሽያጮች ጋር ያለው ንጽጽር

የጀማሪ ኩባንያ ሽያጭ ድርድሮች በአብዛኛው በተመሳሳይ ጥያቄዎች ላይ ያተኩራሉ። የዋትስአፕ ውል ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሰጠው መልስ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር እንደሚከተለው ነው።

አለመሸጥ መቻል። የሻጩ ጉልበት የሚለካው ሳይሸጥ ሊቆይ በሚችልበት ጊዜ ነው። ዋትስአፕ ወጪው ትንሽ፣ ዕድገቱ ፈጣን ስለነበር በ2012 የቀረበለትን ሐሳብ አልፎ በ2014 ተሸጠ።

የተደበቀ ዕዳ። ከሽያጩ በኋላ በተሸጠው ኩባንያ ላይ ክስ ቢመጣ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ነው። ጉግል በ2006 ዩቲዩብን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን ሲገዛ በዩቲዩብ ላይ የቅጂ መብት ክስ ይጠበቅ ነበር። ስለዚህ ከክፍያው 12.5 በመቶ ለአንድ ዓመት በአደራ እንዲያዝ ተደረገ። በአደራ የተያዘ ገንዘብ ጊዜው ሲያልፍ ለሻጮች ይለቀቃል፤ ኪሳራ ከመጣ ግን ገዢው ከዚያ ላይ ይካሳል።

የአክሲዮን ዋጋ መዋዠቅ። ሻጩ አክሲዮን ከተቀበለ የገዢው ኩባንያ ባለሀብት ይሆናል። የዋትስአፕና የኢንስታግራም ልዩነት ይህን ያሳያል።

የቃል ኪዳን አጻጻፍ። የዋትስአፕ ውል ለዋጋው፣ ለአክሲዮኖቹ ቁጥርና ለማፍረሻ ክፍያው እስከ መጨረሻው አኃዝ ድረስ ትክክለኛ ነበር።  መሥራቾቹ ከሁሉ በላይ የሚሳሱለት ጉዳይ ግን «ተግባራዊ ማድረግ መጀመር» በሚል ሐረግ ላይ ቆመ። አንድ ሥራ ጥናት መሆኑ አብቅቶ ተግባር የሚሆነው መቼ እንደሆነ ሁለቱ ወገኖች በተለያየ መንገድ ተረጎሙት። ለተጠቃሚዎች የተነገረው ያለ ማስታወቂያ የመቀጠል ቃል ደግሞ ተጠቃሚዎቹ የውሉ ወገን ስላልነበሩ በሽያጭ ውሉ ሊያስፈጽሙት የሚችሉት አልነበረም። ከሽያጩ በኋላ ዋትስአፕ በምን መንገድ ገንዘብ እንደሚያገኝ የመወሰን ሥልጣን የገዢው ሆነ፤ ለመሥራቾቹ የቀረላቸውም መቆየት ወይም መልቀቅ ነበር።